ዘሩን ካወቅን

ነቢላ ያን ቀን በሳጉሬ መንገድ ዳር ለምን ዝም አለች?

የምትወደው ሰው አንድ ነገር ጠየቃት። መልሱ ሁለት ፊደል ብቻ ነበር፤ ልቧም ያውቀው ነበር። እሷ ግን ዝም አለች። ለምን እንደሆነ ዛሬም ብትጠየቅ መልስ የላትም፤ ታሪኩን የሚያወራውም ሰው ገና አላገኘለትም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና እኛም ከሥሩ እንጀምር። ሥሩ ደግሞ አንዲት ቃል ናት።

ነቢላ አሰላ ተወልዳ ያደገች የነጋዴ ልጅ ናት። ሕክምና ተምራ ስዊድን ሄደች፤ ኡፕሳላ በምትባል ከተማ ስምንት ዓመት ተቀምጣ የካንሰርን ዘረመል አጠናች። ይህ ታሪክ ሲጀምር ከተመለሰች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። አንዱን ሻንጣ ግን እስካሁን አልፈታችውም፤ አልጋዋ ሥር ተገፍቶ ተቀምጧል። እናቷ ዘሀራ ቤት በጠረገች ቁጥር እየጎተተች ታወጣውና «ይኼ ነገር መጥቷል ወይስ እየሄደ ነው?» ትላታለች። ነቢላ ትስቅና መልሳ ትገፋዋለች። እዚያ ሳለች ጠዋት መስኮቷን ስትከፍት ዓይኗ የጭላሎን ተራራ ይፈልግ ነበር። አሁን ጭላሎ በየማለዳው ፊት ለፊቷ ቆሞ ሳለ ዓይኗ ከተራራው ወዲያ ይሄዳል። ምን እንደሚፈልግ እሷም አታውቅም።

ሥራዋ ከሕመምተኛ አካል የተቆረጠ ዕጢ መመርመር ነው። የኩላሊት ካንሰር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በውስጡ ብዙ ዓይነት አለው፤ ለአንዱ የሚሠራው ክኒን ለሌላው ውኃ ነው። የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን የሚታወቀው የዕጢው ዘረመል ሲነበብ ነው። አሰላ ውስጥ ይህን የሚያነብ መሣሪያ ስለሌለ፣ ነቢላ ፈቃድ እያወጣች በሰም የታሸገችውን ቁራጭ ሥጋ ወደ ቀድሞ መምህሯ ትልካለች።

በመስከረም ወር ኦቦ ከዲሮ የሚባሉ የሳጉሬ ገበሬ ሆስፒታሉ ተኙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምርጥ ዘር ሲያባዙ የኖሩ፣ በዚያ አገር ዘራቸው «የከዲሮ ስንዴ» እስከመባል የደረሰላቸው ሰው ናቸው። ግራ ኩላሊታቸው ከነዕጢው ከወጣ ዓመት አልፎታል። አሁን ግን በሽታው ሳንባቸው ላይ ታይቷል፤ ለአራት ወር የዋጡት ክኒንም አልረዳቸውም። ነቢላ ይህን ልታስረዳ ስትገባ አልጋው ዙሪያ ሴት ልጃቸው ፈይሩዛ፣ እህታቸው ሀሊሜና ሁለት ጎረቤቶች ተቀምጠው ነበር። ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀመረች። ሕመሙ ጋ ስትደርስ እንደ ከተማው ልማድ ወደ አማርኛ ተሻገረች። ከዚያ ቃል አጣች። የተማረችው ሁሉ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ስዊድኖች ዘረመልን የሚጠሩበት ቃል ደግሞ «የውርስ ክምችት» እንደማለት ነው። ከጭንቅላቷ መልሳ ያወጣችው ቃል የሚከተለው ሆነ።

«ዘሩን ካወቅን መድኃኒቱን እንመርጣለን» አለች።

ሀሊሜ ሻሿን አጥብቃ ወደ ወንድሟ ተጠጋች። አንደኛው ጎረቤት የቆብ ጠርዙን መነካካት ጀመረ።

«እህቴ፣ መድኃኒትም በዘር ሆነ እንዴ?» አለ ከበር በኩል አንድ ድምፅ።

ጭቃ የያዘ ቦቲ ጫማ ያደረገ፣ በብብቱ የወረቀት ፖስታዎች የታቀፈ ወጣት ነበር። ከጎን ያለው ሕመምተኛ ሳቀ፤ ኦቦ ከዲሮም ሳቃቸው ሳል እስኪሆን ሳቁ። ነቢላ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ወጣቱ ግን እሷን ትቶ አባቱ አጠገብ ተቀመጠና በኦሮምኛ ያስረዳቸው ጀመር። ልጃቸው ቦንሳ ነው፤ ሥራው የስንዴ ዋግ መከታተል ነው። ከበቆጂ እስከ ዴራ፣ ከዚያም እስከ አቦምሳ እየዞረ ዋግ የመታውን ቅጠል በፖስታ አሽጎ ይልካል። የዋጉ ዝርያ የትኛው እንደሆነ ሲታወቅ ለዚያ ዋግ የማይበገር ስንዴ ይመረጣል። እሷ የምትለውም ይህንኑ ነው አላቸው፤ ዕጢው የትኛው ዋግ እንደሆነ ልታጣራ ነው።

ሽማግሌው ነቢላን ቀና ብለው አዩ። «ታዲያ ዋግ ነው አትይኝም ነበር?» አሏት። «ዋግ ብትይኝ እኮ እኔ ነኝ የማስተምርሽ።»

ኮሪደር ላይ ቦንሳ ተከትሏት ወጣ።

«ዶክተር፣ ዝርያ በይ» አላት። «ዘር አትበይ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ዝርያ የበሽታው ነው። ዘር የሰውዬው ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ ሰውዬው ላይ ባትመጪበት ይሻላል።»

ሳቀች። ከተመለሰች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። እሱም ፖስታዎቹን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወራቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ሀሊሜ ወጥታ ሄዳለች። የሰማችው የመጀመሪያውን ቃል ነው፤ ማስተካከያውን አልቆየችለትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ናሙናው ሄደ። ውጤቱ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ነበር፤ በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ቦንሳ በየሄደበት ማሳ የቅጠል ፎቶ እያነሳ ይልክላት ጀመር። ከፎቶው ሥር ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህስ ዝርያው ምንድን ነው?» ነቢላ የመሰላትን ትጽፋለች፤ ሁልጊዜም ትስታለች። «ዶክተር፣ ይኼ ዋግ አይደለም፤ የመኪና አቧራ ነው» ይላታል። እሷም የማይክሮስኮፗን ምስል ትልክለታለች። እሱ ሮዝና ሐምራዊውን አይቶ «የሠርግ ቀሚስ ጨርቅ» ብሎ ይመልሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሆስፒታሉ በታች ካለችው ሻይ ቤት ይገናኛሉ፤ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ሰው በሚያያቸው ቦታ። እጅ ለእጅ ተነካክተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ፖስታ ሲያቀብላት ጣቶቻቸው ወረቀቱን ይዘው ቆዩ፤ ማንም አልሳበውም። ከዚያ ቀን በኋላ ፎቶ ያልላከ እንደሆነ ነቢላ የአየሩን ሁኔታ ሰበብ እያደረገች ለራሷ ታስረዳለች፤ ዝናብ ይሆናል፣ ኔትወርክ ይሆናል። ስምንት ዓመት ሙሉ አገር ስትናፍቅ የኖረች ሴት፣ አሁን የአንድ ሰው ስልክ ትናፍቅ ጀመር። ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አውጥታ ግማሹን ፈታችው።

በጥቅምት መጨረሻ ውጤቱ መጣ፤ ደግም ክፉም ይዞ መጣ።

ደጉ፣ የኦቦ ከዲሮ ዕጢ ከተለመደው ዓይነት የተለየ መሆኑ ነው። የዋጡት ክኒን ያልረዳቸው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ለዚህኛው ሌላ መድኃኒት አለ። መምህሯም እንዲላክ ረዷት። ክፉው ከታች የተጻፈው አንድ መስመር ነው። ይህ የዘረመል ለውጥ ብዙ ጊዜ ዕጢው ውስጥ ብቻ ይፈጠራል፤ አንዳንዴ ግን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሕመምተኛውን ደም መርምሩ ይላል። በደሙ ከሌለ ልጆቹ ነፃ ናቸው። ካለ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ነቢላ ወረቀቱን ይዛ ብዙ ተቀመጠች። መጀመሪያ «ዘር» ብላ የተናገረችው በስሕተት ነበር። አሁን ያንኑ ቃል ሆን ብላ ልትናገረው ነው።

ለአባትዬው ለብቻቸው ነገረቻቸው። ስለ አዲሱ መድኃኒት ስትናገር ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ስለ ደሙ ስትናገር እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አስገቡ።

«ኢንተለ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዕጢው የኔ ነው፤ ወስደሽ እንደፈለግሽ ቆራርጪው። ደሙ ግን የኔ ብቻ አይደለም። እስከ አስረኛ ድረስ የምቆጥራቸው አባቶች አሉኝ፤ የነሱም ነው። እነሱን አስፈቅጄ አልመጣሁም።»

«ለልጆችዎ ብለው...» አለች።

«ለልጆቼ ብዬ ነው እምቢ የምለው። ያንቺን ቃል ሀሊሜ ወስዳ ምን እንዳደረገችው አልሰማሽም?»

አልሰማችም ነበር፤ ያን ቀን ሰማች። ፈይሩዛ ታጭታለች። የእጮኛዋ ሽማግሌዎች የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ መምጣት ነበረባቸው። «ከዲሮ ቤት በዘር የሚወርድ በሽታ አለ፤ ዶክተሯ ራሷ ዘራችሁ ይመርመር አለች» የሚለው ወሬ ቀደማቸው። እነሱም በጨዋ ደንብ፣ «እስኪ አዝመራው ይግባ» ብለው ላኩ። አዝመራው ሊገባ ነው፤ እነሱ ግን የሚገቡ አይመስሉም። አሁን ኦቦ ከዲሮ ክንዳቸውን ለመርፌ ቢሰጡ ወሬውን በገዛ እጃቸው ማተም ይሆናል።

ፈይሩዛ አልተቆጣቻትም፤ ይህ ነው ነቢላን የጎዳት። አንድ ቀን ለአባቷ ምግብ ይዛ ስትገባ አገኘቻትና «ዶክተር፣ ለጥሎሽ የመጣው ሽቶ ጊዜው ያልፍበታል ወይ?» ብላ ጠየቀቻት። ነቢላ አላውቅም አለቻት።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ኦቦ ከዲሮ አዲሱን መድኃኒት ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። ነቢላ ልትጠይቃቸው ሄዳ ስትመለስ ቦንሳ እስከ አስፋልቱ ሸኛት። ስንዴው እኩሌታው ታጭዷል፤ የቀረው ነፋስ ሲነካው ይንሾካሾካል። ከመንገዱ ዳር ታክሲ እየጠበቁ ቆሙ።

«አባቴን አውቀዋለሁ» አላት ቦንሳ። «ደሙን አይሰጥም። ስለዚህ ምናልባት መቼም አናውቅም።»

«ምናልባት።»

«ሳናውቅ ሽማግሌ ብልክ ምን ትያለሽ?»

ወዲያው ከሳጉሬ በኩል አንድ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር አስፋልቱን ሞልቶ እያጓራ መጣ። ያ ድምፅ ባለበት መናገር አይቻልም። ቦንሳ ፈገግ ብሎ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ዓይኑ ግን ከፊቷ ላይ አልተነሳም። ነቢላ ያን ፊት አየችው፤ አቧራ የጠጣውን ቅንድቡን፣ ከንፈሩ ላይ ለመውጣት የተዘጋጀውን ሳቅ። ልቧ መልሱን አለ። ጭንቅላቷ ደግሞ በዚያችው ቅጽበት ይቆጥር ነበር፤ በአባትዬው ደም ውስጥ ካለ፣ እሱ ላይ ግማሽ፤ እሱ ላይ ካለ፣ የሚወልዱት ልጅ ላይ እንደገና ግማሽ። ኮምባይነሩ አለፈ። ድምፁም እየራቀ ሄዶ ጠፋ። አሁን ሰበብ የለም፤ ነፋሱ ብቻ ነው ያለው። እሷ አሁንም ዝም እንዳለች ናት።

በመጨረሻ አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ነገር ነበር።

«ቢያንስ ያንተን ደም እንመርምር» አለች።

ቦንሳ ዓይኑን ወደ ማሳው መለሰ። የስንዴ ዘለላ ቀጠፈና በመዳፉ አሽቶ እፍ አለው። ገለባው በረረ።

«ዘሩን ካወቅን እንመርጣለን» አለ ቀስ ብሎ። «መጀመሪያም ያልሽው ይህንኑ ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የበሽታውን መስሎኝ።» ከዚያ ደግሞ ለራሱ የሚያወራ ያህል፣ «ፍቅርም በዘር ሆነ እንዴ?»

መስከረም ላይ ይህ ቀልድ ነበር። ነቢላ ክንዱን ልትይዘው እጇን አነሳች፤ ታክሲው መጣና ረዳቱ «አሰላ፣ አሰላ!» አለ። ቦንሳ በሩን ከፈተላት። መዳፉ ላይ የቀሩትን ፍሬዎች አልጣላቸውም፤ ኪሱ ከተታቸው።

በጥር ወር ወደ ባሌ ተዛወረ። ራሱ ጠይቆ እንደሆነ ሰማች። ፎቶው ቀረ።

ናፍቆት ምን እንደሆነ አውቃለሁ ትል ነበር ነቢላ፤ በበረዶ አገር ስምንት ዓመት ተምራዋለች። ይኼኛው ግን ሌላ ዝርያ ነበር። የሩቁ ናፍቆት ባሕር ማዶ ስለሆነ ሰው ይችለዋል። ይኼኛው ሻይ ቤቷ ውስጥ ነው፣ ኮሪደሩ ውስጥ ነው፣ ቦቲ ጫማ ባደረገ ገበሬ ሁሉ እግር ውስጥ ነው። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን ዝናብ ይሆናል ትላለች። መልእክት ትጽፍና ታጠፋለች። «ይቅርታ» ብላ ጻፈች፤ ይቅርታ ግን የጥያቄው መልስ አልነበረም። «አዎ» ብላ ጻፈች፤ እሱን ደግሞ መላክ ፈራች። ሳላውቅ አዎ ማለት እችላለሁ ወይ ብላ ራሷን ትጠይቅና፣ በየምሳ ሰዓቱ ያንኑ ሁለት ፊደል መልሳ ታጠፋዋለች።

በየካቲት ኦቦ ከዲሮ ለክትትል መጡ። ሳላቸው ጠፍቷል፤ ሳንባቸው ላይ የነበረው ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ፊልሙን ስታሳያቸው እንደ ማሳ ትክ ብለው አዩትና፣ ዋጉ ሳይስፋፋ ተይዟል አሉ። ከዚያ ካፖርታቸውን አወለቁ፤ የሸሚዛቸውን እጀታ ጠቀለሉ።

«ውሰጂ» አሏት።

ነቢላ አልገባትም።

«ደሙን ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዘር ነው የሸጥኩት። አንድም ኩንታል ሳይመረመር ከደጄ አልወጣም፤ ናሙናው ተወስዶ ማኅተም ሳይመታበት ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ስንዴዬን እንዲህ ጠብቄ ልጆቼን በዝምታ ልሸፍን?» ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ሀሊሜ የፈለገችውን ታውራ። ፈይሩዛ በወሬ ከምትቀር በማኅተም ትቅር።»

መርፌውን ራሷ ወጋች። ጥጡን ክንዳቸው ላይ ይዘው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ።

«ያ ልጅ ባሌ ምን ፍለጋ እንደሄደ አልነገረኝም» አሉ። «አንቺም አልነገርሽኝም። ባሌም ያለው ያው ስንዴ ነው።»

ደሙ ሄደ። እንደገና ስድስት ሳምንት። ነቢላ በዚህ ጊዜ ስለ ውጤቱ ሳይሆን ስለ ራሷ ትጨነቅ ነበር። ደሙ ንጹሕ ከሆነ በኋላ የሚባል «አዎ» ምን ዋጋ አለው? ማንም ይለዋል። ንጹሕ ካልሆነስ? ያኔ ደግሞ አዘኔታ ይመስላል። እሱ የጠየቀው «ሳናውቅ» ብሎ ነው። ሳናውቅ የሚባለው ጊዜ ደግሞ በየቀኑ እያለቀ ነው።

በሚያዝያ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ኢሜይሉ ገባ። የመምህሯ ስም፣ ከሥሩ የኦቦ ከዲሮ መለያ ቁጥር፣ ከሥሩ ያልተከፈተ ፋይል። ነቢላ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች። ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ጭላሎ ደመና ለብሷል። ስልኳን አወጣች። የመጨረሻው ፎቶ አሁንም እዚያው ነው፤ በቢጫ ዋግ የተሰመረ የስንዴ ቅጠል፣ ከሥሩ «ይህስ ዝርያው ምንድን ነው?» ከፎቶዎቹ ሁሉ ያልመለሰችው ይህን ብቻ ነበር።

እንዲህ ብላ ጻፈች፤

«ቦንሳ፣ ውጤቱ ፊት ለፊቴ ነው። አልከፈትኩትም። መንገድ ዳር ለጠየቅኸኝ፣ አዎ።»

ላከችው። የመላኩን ምልክት አየች። ከዚያ ፋይሉን ከፈተች።

ደሙ ውስጥ ምንም የለም። በሽታው የዕጢው ብቻ ነበር፤ ዝርያ እንጂ ዘር አልነበረም። ነቢላ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አልሐምዱሊላህ አለች፤ ደግማም አለች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ለኦቦ ከዲሮ ደወለች። እሳቸው ሰሙና፣ «ማኅተሙን በወረቀት ስጪኝ፤ ሀሊሜ ማንበብ ባትችልም ማኅተም ታውቃለች» አሉ። ወዲያው ለቦንሳም እንደሚደውሉ ነገሯት። አንድ ደቂቃ ይቆዩ ልትላቸው ፈለገች፤ ምክንያቱን ግን ምን ብላ ትነግራቸዋለች?

«አዝመራው ይግባ» ያሉት ሽማግሌዎች መጡ። ፈይሩዛ በግንቦት ተዳረች፤ ሽቶው ጊዜው አላለፈበትም። ቦንሳ ለሠርጉ አንድ ቀን መጥቶ በማግስቱ ተመለሰ። ነቢላ ተጋብዛ ሄዳ ነበር፤ በሰው መሐል አሻግሮ አያት፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት፤ ከዚያ እንግዳ ሊያስተናግድ ወደ ዳሱ ገባ።

ያን ማክሰኞ ከሮቤ ወዲያ፣ ኔትወርክ በሌለበት ማሳ ውስጥ እንደነበር ኋላ ከፈይሩዛ ሰማች። አመሻሽ ላይ ወደ ከተማ ሲገባ ሁሉም አንድ ላይ ደረሰው፤ የእሷ መልእክትና የአባቱ የምሥራች። የትኛውን ቀድሞ እንደሰማ ፈይሩዛ አታውቅም። መልእክቱ ላይ ሰዓቱ ተጽፏል፤ አራት ሰዓት ከአሥር። ፋይሉ የተከፈተበት ሰዓት ግን በእሷ ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው፤ ማንም አላየውም፤ ሳታውቅ «አዎ» ማለቷን የሚመሰክርላት የለም።

የተነበበበት ምልክት በዚያው ቀን ታይቷል። ነቢላ ሻንጣውን ጨርሳ ፈትታ ለእናቷ እህል መያዣ ሰጠቻት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ቤቷ ትሄዳለች፤ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አንዳንዴ ትከፍተዋለች። ከላይ ቅጠሉ አለ። ከቅጠሉ ሥር ጥያቄው። ከጥያቄው ሥር «አዎ»። ከዚያ በታች ምንም አልተጻፈም።